ያልተቋጨ ጫፍ

ባለፈው እሁድ እማዬ ስትደውል ላብራቶሪ ውስጥ ነበርኩ። "እሁድንም አያሳርፏችሁም እንዴ ልጄ?" አለችኝ፣ ከዛ ጤናዬን፣ ምግቤን፣ ብርዱን ምናምኑን ጠይቃ ስትጨርስ "ለመሆኑ ግን እዛ ምንድነው የምትሰራው?" አለች። እስካሁን "ፊዚክስ ነው እማዬ" እያልኩ ነበር የማልፈው፣ የዛን ቀን ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል በጣም ደስ ስላለኝ በደንብ ላስረዳት ፈለግኩ። እርሳስ ነው የማየው አልኳት፣ የመጻፊያውን እርሳስ፣ ውስጡ ያለውን ጥቁሩን ነገር፣ አንዲት ፀጉር ውፍረቷ ወደ መቶ ሺህ ቦታ ቢከፈል የአንዱን ክፋይ ያህል ነገር በሚያሳይ ማይክሮስኮፕ። "ምኑን ነው የምታየው?" "ጫፉን እማዬ፣ ኤሌክትሪክ ጫፉ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን።" ትንሽ ዝም አለችና "ጨርቅስ ቢሆን የሚተረተረው ከጫፉ አይደል?" አለችኝ።

ይቺ ንግግሯ ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። እማዬ ጥጥ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ፣ ጋቢ አሰርታ ያሳደገችን ሴት ናት። ጋቢው ከሸማኔ ሲመጣ ጫፉ ላይ ድሩ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ነው የሚመጣው፣ ማግ ያልገባበት፣ የሚይዘው ያጣ ክር። እሷ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ጥቂት ጥቂቱን እየለየች፣ እያጠማዘዘች፣ ሁለቱን አንድ ላይ እየገመደች ትቋጨዋለች። ልጅ ሆኜ ጫፉ ካልተቋጨ ጋቢ ላይ አንድ ክር ስቤ አውጥቼ የተቆጣችኝን እስከዛሬ አስታውሳለሁ። የጋቢውን መሀል ብጎትተው ምንም አይሆንም ነበር እኮ፣ መሀል ላይ ያለው ክር በአራት አቅጣጫ ተይዟል፣ ጫፍ ላይ ያለው ግን በአንድ ወገን ባዶ ነው። እኔ ላለፉት ሁለት ዓመታት የማጠናው ነገር በትክክል ይሄው ነው፣ ክሩ ካርቦን መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

መጀመሪያ ስለ ስሙ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እኛ አገር "እርሳስ" ስንል መጻፊያውንም ከባዱን ብረትም ነው የምንለው። ይሄ የኛ ብቻ አይደለም፣ እኔ ያለሁበት ጀርመንም ብላይሽቲፍት ነው የሚሉት፣ ብላይ ማለት ደግሞ ብረቱ እርሳስ ነው። በ1500ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እንግሊዝ ውስጥ ቦሮውዴል የሚባል ቦታ ላይ ንጹህ የሆነ ጥቁር ማዕድን ተገኘ፣ ወረቀትም እጅም የሚያጠቁር፣ ሰዎቹም የእርሳስ ብረት ዓይነት መሰላቸው። ካርቦን መሆኑን የስዊድኑ ኬሚስት ሼለ ያሳየው በ1779 ነው፣ በ1789 ደግሞ ጀርመናዊው ቨርነር "መጻፍ" ከሚለው የግሪክ ቃል ግራፋይት ብሎ ሰየመው። ስሙ ግን ሰው አፍ ላይ እንደ ድሮው ቀረ። ላጲስም እንደዛው ነው፣ ጣሊያኖቹ ላጲስ የሚሉት እርሳሱን ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ ማጥፊያው ሆነ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ግራፋይት ማለት የተደራረበ ነገር ነው፣ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ፣ እያንዳንዱ ንብርብር ግን ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ ነው። ንብርብሩን ከላይ ብታዩት ደሞ የማር እንጀራ ነው፣ ስድስት ጎን ያላቸው ቀዳዳዎች አንዱ ካንዱ ተጣብቀው፣ በየማዕዘኑ አንድ የካርቦን አቶም ተቀምጦ። በሁለት ጎረቤታም አቶሞች መሀል 0.142 ናኖሜትር ነው (ናኖሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፋይ ነው)፣ ከአንዱ ንብርብር እስከ ሌላው ግን 0.335፣ ከሁለት እጥፍ በላይ። ካርቦን ለመተሳሰሪያ አራት ኤሌክትሮን አለው፣ ሶስቱን ለሶስት ጎረቤቶቹ ይሰጣል፣ አራተኛው ትርፍ ሆኖ ከንብርብሩ በላይና በታች ይንሳፈፋል፣ ኤሌክትሪክ የሚሸከመው ይሄ አራተኛው ነው። ለዚህም ነው ግራፋይት አግድም ከረንት በደንብ አስተላልፎ ከላይ ወደ ታች ግን በሺዎች እጥፍ የሚከብደው። አንዱ ንብርብር ከሌላው ጋር የተያያዘው በጣም በደካማው ስለሆነ ስንጽፍ ተላጦ ወረቀት ላይ ይቀራል። አራተኛ ክፍል ሆነን የጻፍነው ሁሉ ተላጦ የቀረ ንብርብር ነበር ማለት ነው።

ላብ ውስጥ የምንጠቀመው የመጻፊያውን እርሳስ ራሱን ሳይሆን ኤችኦፒጂ የሚባለውን በፋብሪካ የተሰራ፣ ንብርብሮቹ በደንብ የተስተካከሉ ግራፋይት ነው። የጥፍር ያህል የምታክል የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቁራጭ ናት። አዘገጃጀቷ ቀላል ነው፣ ፕላስተር ትለጥፉባታላችሁ፣ ጫን ጫን ታደርጋላችሁ፣ ከዛ ቀስ ብላችሁ ትልጧታላችሁ፣ በቃ። ከሥር የሚወጣው ፊት በመቶዎች ናኖሜትር አንዳንዴም ከዛ በላይ ሜዳ የሆነ፣ አየር ውስጥም ቶሎ የማይዝግ ነው። ኤስቲኤም በሚባለው፣ በመርፌ ጫፍ አቶም ድረስ በሚያየው ማይክሮስኮፕ የሚሰሩ ሰዎች ይሄን ሲያደርጉ ኖረው የተላጠውን ፕላስተር ይጥሉት ነበር። ማንቸስተር ላይ አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ያ የሚጣል ፕላስተር ላይ የቀረውን አይተው ነው በ2004 የአንድ አቶም ውፍረት ያለውን ግራፊን ለዓለም ያሳዩት፣ በ2010 ኖቤል ያስገኘላቸውም እሱ ነው። እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ሰው የጣለውን ማየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ስለሚያሳይ ነው፣ ግን ሁሉም ስለ ፕላስተሩ ያወራል፣ ሳምፕሉ ላይ የቀረውን ፊትና ደረጃዎቹን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ኤስቲኤምን ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር ናቸው በ1981 ዙሪክ አጠገብ በአይቢኤም ላብ የሰሩት፣ በ1986 ኖቤል ተሸልመውበታል። አሰራሩን ለእማዬ እንዳስረዳሁት ነው የምነግራችሁ፣ ጫፏ በጣም የሾለች መርፌ አለች፣ ሳምፕሉን አትነካውም፣ ከ1 ናኖሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ትቆማለች። ትንሽ ቮልቴጅ ሲሰጣት ኤሌክትሮኖች በተለምዶ በማያልፉበት ክፍተት ሾልከው ያልፋሉ። ይሄ ከረንት ርቀቱ በ0.1 ናኖሜትር ብቻ ሲጨምር ወደ አስር እጥፍ ይቀንሳል፣ ስለዚ ማሽኑ ከረንቱ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቆይ መርፌዋን ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፣ ያንን ከፍ ዝቅ መዝግቦ ስዕል ያወጣል። መርፌዋን የሰራኋት ራሴ ነኝ፣ ከፕላቲኒየም-ኢሪዲየም ሽቦ፣ በመቁረጫ ፒንሳ አጋድሜ እየቆረጥኩ እየጎተትኩ። አንዳንዷ በመጀመሪያው ቁርጥ ትሰራለች፣ አንዳንዴ ደሞ አስር ጊዜ ቆርጦ ምንም የለም።

የመጀመሪያውን ምስል ሳገኝ ማታ ወደ ሶስት ሰዓት ነበር። ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ሲወጣ ብሩህ ነጠብጣቦች ተደርድረው መጡ፣ ልክ የተዘራ ጤፍ ሳይሆን የተሰፈረ ነገር፣ እኩል በእኩል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አላፍርበትም። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ይሄን ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነው የተማርኩት፣ መሳሪያውን በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ነጠብጣቦቹን ለካሁ፣ ከአንዱ እስከ አንዱ 0.246 ናኖሜትር። ላቡ ውስጥ ብዙ ዓመት የሰሩት ቴክኒሻን ሴትዮ መጥተው አዩና "ግማሾቹ አቶሞችስ የት አሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

እውነታቸውን ነው። ጎረቤታሞቹ አቶሞች 0.142 ነው መራራቅ ያለባቸው፣ ስድስት ጎኑም መታየት ነበረበት፣ እኔ ያየሁት ግን ሶስት ማዕዘን የሰራ ድርድር ነው። ምክንያቱ ከሥር ያለው ንብርብር ነው። ንብርብሮቹ ቀጥ ብለው አይደለም የተደራረቡት፣ ገፋ ብለው ነው፣ ስለዚህ ላይኛው ላይ ካሉት አቶሞች ግማሾቹ ከሥራቸው አቶም አለ፣ ግማሾቹ ከሥራቸው ባዶ ነው። ከሥሩ አቶም ያለው ኤሌክትሮኑን ከታችኛው ጋር ይጋራል፣ ለመርፌዋ የሚሰጠው ያንሳል። ከሥሩ ባዶ የሆነው ነው ደምቆ የሚታየው። ግራፊን ላይ፣ ማለትም ከሥሩ ሌላ ንብርብር ሳይኖር፣ ሁለቱም እኩል ይታያሉ፣ የማር እንጀራው ሙሉ ይወጣል። የዛን ማታ የገባኝ ነገር ሁሉንም ሥራዬን ለወጠው፣ ይሄ መሳሪያ አቶምን አያሳይም፣ ለመሄድ ፈቃደኛ የሆነ ኤሌክትሮን የት እንዳለ ነው የሚያሳየው። ቅርጽና ኤሌክትሪክ አንድ ስዕል ላይ ተደባልቀው ነው የሚመጡት።

አሁን ወደ ጫፉ እንሂድ። ፕላስተሩ ሲላጥ ንብርብሩ እኩል አይላጥም፣ የሆነ ቦታ ላይ ተቀዶ ደረጃ ይሰራል፣ ደረጃው ጋ የላይኛው ንብርብር ያልቃል፣ እሱ ነው ጫፍ። የማር እንጀራን በመቀስ ብትቆርጡት እንደ አቆራረጣችሁ ሁለት ዋና ዓይነት ጠርዝ ይወጣል። አንደኛው ዚግዛግ ነው፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ የሚል። ሌላውን አርምቼር ይሉታል፣ ሁለት ሁለት አቶም ወጣ፣ ሁለት ሁለት ገባ እያለ የሚሄድ፣ ከጎን ሲያዩት የወንበር መደገፊያ ይመስላል ብለው ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የ30 ዲግሪ መዞር ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ግራፋይት በተፈጥሮው ከረንት ለመሸከም ዝግጁ የሆኑ ኤሌክትሮኖቹ ጥቂት ናቸው፣ ከመዳብ ጋር ሲተያይ በጣም ጥቂት። በ1996 ጃፓን ውስጥ ፉጂታና ባልደረቦቹ ዚግዛግ ጫፍ ላይ ግን በስሌት አንድ የሚገርም ነገር አገኙ፣ እዛው ጫፉ ላይ ተሰብስበው የሚቀመጡ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ቶሎ የሚጠፉ፣ በትክክል ከረንት በሚሸከመው ኃይል ደረጃ ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች። አርምቼር ጫፍ ላይ የሉም። ለምን? ቅድም ያልኳችሁ ሁለት ዓይነት አቶሞች አሉ አይደል፣ ሀ እና ለ እንበላቸው፣ የእያንዳንዱ "ሀ" ጎረቤቶች "ለ" ናቸው፣ የእያንዳንዱ "ለ" ጎረቤቶች ደግሞ "ሀ"። ዚግዛግ ጫፍ ላይ ዳር የወጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ወይ ሁሉም ሀ ወይ ሁሉም ለ፣ አርምቼር ላይ ግን ሀ እና ለ ተጣምረው ነው የሚወጡት። ጥንዱን ያጣ ነው ኤሌክትሮኑን ጫፍ ላይ ይዞ የሚቀረው።

እዚህ ጋ የእማዬ ጋቢ ልክ የሆነበትም ያልሆነበትም ነገር አለ። ጫፍ ላይ ያለ ካርቦን ሶስተኛ ጎረቤቱን አጥቷል፣ አንድ እጁ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ሃይድሮጅን መጥቶ ያንን እጅ ሲይዘው በቃ ተቋጨ ማለት ነው። አየር ላይ ደሞ ኦክስጅንም ምኑም ይመጣበታል። እኔ መጀመሪያ ላይ ከተቋጨ በኋላ ጫፉ ዝም የሚል ይመስለኝ ነበር። ዚግዛግ ግን አይልም፣ ሃይድሮጅን ከቋጨውም በኋላ ያ የፉጂታ ኤሌክትሮን እዛው አለ፣ ምክንያቱም ሃይድሮጅኑ የያዘው የተንጠለጠለውን እጅ እንጂ የሚንሳፈፈውን አራተኛውን ኤሌክትሮን አይደለም። ይሄን ሲያስረዱኝ ሶስት ጊዜ ነው ደጋግሜ የጠየቅኩት፣ እስካሁንም በጣም የሚያስደንቀኝ እሱ ነው።

በማይክሮስኮፕ የታየው ደሞ ቶኪዮ ነው። በ2005 የኤኖኪ ቡድን ጫፎቹን በሃይድሮጅን ዘግተው፣ አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ በኤስቲኤም ዚግዛጉንና አርምቼሩን ለይተው አዩ፣ ዚግዛጉ ላይ ደማቅ ሆኖ ታየ፣ ቮልቴጁን እየቀያየሩ ሲለኩትም ግራፉ ላይ የተጠበቀው ጉብታ ወጣ። ሌላም ነገር አስተዋሉ፣ አርምቼር ጫፍ ረጅም ሆኖ ቀጥ ብሎ ይገኛል፣ ዚግዛግ ግን አጭር አጭርና እንከን ያለበት ነው። የሚፈለገው ነገር ያለው ቶሎ በሚቆራረጠው ላይ ነው። ለዛም ነው ትልቁን ቆርጦ ጫፍ መፈለግ የሰለቻቸው ሰዎች ከትንንሹ ወደ መገጣጠም የሄዱት፣ በ2016 ስዊዘርላንድ ኤምፓ የሚባል የምርምር ተቋም ያሉ ተመራማሪዎችና ጀርመን ያሉ ኬሚስቶች ሞለኪውሎችን ወርቅ ላይ አገጣጥመው ዳሩ ሙሉ ለሙሉ ዚግዛግ የሆነ ቀጭን ጥብጣብ ሰሩ።

ግን ግራፋይት ያታልላል። ሳምፕሉ ሳይሆን የኛ መቸኮል ነው ማለት ይቻላል፣ ውጤቱ ያው ነው። በ1989 ሰዎች ግራፋይት ላይ ዲኤንኤ አድርገው በኤስቲኤም አየን ብለው ትልቅ መጽሔት ላይ አወጡ፣ የተጠማዘዘው ገመድ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። በ1991 ከነዛው ጸሐፊዎች አንዱ የነበረው ቢቢ ከክሌመር ጋር ሆኖ ምንም ያልተደረገበት፣ እንዲሁ የተላጠ ግራፋይት ስካን አድርጎ ደረጃዎቹ ጋ ያንኑ የመሰለ ጠመዝማዛ ቅርጽ አሳየ፣ ዲኤንኤ በሌለበት። የንብርብር ጫፎች፣ የታጠፉ ጠርዞች፣ መርፌዋ የምትጎትተው ነገር ተደማምሮ ዲኤንኤ ይመስላል። የራሱን ሥራ ጥርጣሬ ውስጥ የሚከት ነገር በራሱ ስም ማውጣቱን በጣም ነው የማከብረው፣ አዲስ ተማሪ ወደ ላባችን ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ይሄን ጽሁፍ ነው።

የማሳየው ራሴም ስለተሳሳትኩ ነው። አምና ኤስቲኤም ላይ አንድ ደረጃ ጠርዙ ላይ ደማቅ መስመር ነበረው፣ ቀጥ ያለ፣ ሁለት ናኖሜትር የሚሆን፣ እኔ በቃ የጫፍ ኤሌክትሮን ነው ብዬ ለሳምንቱ ስብሰባ ስላይድ ሰርቼ አቀረብኩ። አንዷ የዶክትሬት ተማሪ "መርፌዋ ስትመለስ የተቀዳውስ?" ብላ ጠየቀች። ማሽኑ ሁልጊዜ ሲሄድም ሲመለስም ነው የሚቀዳው፣ እኔ የመልሱን ከፍቼ አላየሁትም ነበር። ከፈትነው። መስመሩ ደረጃው ላይ አልነበረም፣ ወደ ሌላው ጎን ዞሯል። ማለትም መርፌዋ ደረጃው ላይ ስትደርስ ማሽኑ እሷን ለማንሳት ዘግይቶ ከዛ አብዝቶ ያነሳበት ምልክት እንጂ የግራፋይቱ ነገር አልነበረም። ማንም አልተናገረኝም፣ ግን ሶስት ወር የሰራሁት ሥራ ነው እዛ ክፍል ውስጥ የቀረው። ከዛ ወዲህ ሲሄድም ሲመለስም እኩል ቦታ ላይ ያልታየን ነገር ምስል ብዬ አልጠራውም።

አሁን የምሰራው ኤኤፍኤም በሚባል፣ እየዳሰሰ በሚያይ ሌላ ማይክሮስኮፕ ነው፣ ከረንት በምታስተላልፍ መርፌ። ይቺኛዋ ትነካለች፣ ጫፏ በፕላቲኒየም የተለበጠ ነው፣ እየዳሰሰች ስትሄድ ቅርጹን በአንድ በኩል፣ የሚያልፈውን ከረንት በሌላ በኩል ለየብቻ ትቀዳለች። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ቅርጹና ኤሌክትሪኩ ተለያዩ። ችግሯ ደሞ ግራፋይት ከረንቱን ስለሚያፈስላት መለኪያው ጣሪያ ይነካል፣ ምስሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል፣ ስለዚ ቮልቴጁን ወደ ጥቂት ሚሊቮልት አውርጄ መሀል ላይ ሬዚስተር ማስገባት ነበረብኝ። ሌላው ችግር፣ ደረጃ ላይ ስትደርስ ጎኗም ግድግዳውን ስለሚነካ የሚነካካው ስፋት ይጨምራል፣ ከረንቱ የጨመረው ጫፉ የተለየ ስለሆነ ነው ወይስ በሰፊው ስለነካችው? ይሄ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ህንድ ካልፓካም ያሉ ተመራማሪዎች በ2005 በዚሁ ዓይነት መሳሪያ ኤችኦፒጂ ላይ ያዩትን ሳነብ ነው ተስፋ ያገኘሁት። የላይኛው ንብርብር ከታችኞቹ የበለጠ ያስተላልፋል፣ አንዳንድ ጫፍ ላይ ከረንቱ ድንገት ይዘላል፣ ደስ የሚለው ደሞ ያው አንዱ ጫፍ ራሱ የሆነ ቦታ ላይ ይዘላል የሆነ ቦታ ላይ አይዘልም። እስቲ አስቡት፣ ጉዳዩ የመነካካት ስፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁመቱ እኩል የሆነ ደረጃ ሁሉ እኩል መዝለል ነበረበት። እኩል ካልሆነ እዛ ጋ የጫፉ የራሱ ነገር አለ፣ ወይ የአቆራረጡ ዓይነት፣ ወይ የቋጨው ነገር፣ ወይ ደሞ ከሥሩ ካለው ንብርብር ትንሽ ተንሸራቶ መላቀቁ።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን የሚል ሰው ካለ ኪሱ ውስጥ ያለውን ስልክ ያውጣ። ባትሪው ውስጥ ግራፋይት አለ፣ ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየም በንብርብሮቹ መሀል ይገባል፣ የሚገባው ግን የማር እንጀራውን ሰንጥቆ አይደለም፣ ከዳር ነው፣ በጫፉ በኩል። በሩ ጫፉ ነው። እውነት ለመናገር ግን እኔን እዚህ ያስቀመጠኝ ባትሪው አይደለም፣ የልጅነት ደብተሬን ያጠቆረው ነገር ጠርዙ ጋ ሲደርስ ሌላ ጠባይ ማምጣቱ ነው።

እሁድ እማዬ ስትደውል ስክሪኑ ላይ የነበረው ምስል የአንድ ደረጃ ነው፣ ቁመቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ንብርብር። ቅርጹ ላይ ምንም የተለየ ነገር የለውም፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው። የከረንቱ ምስል ላይ ግን መሀል አካባቢ 200 ናኖሜትር የምትሆን ክፍል ደምቃለች፣ ከሷ ግራና ቀኝ ያው ጠርዝ ጨለማ ነው። ሲሄድም ሲመለስም እዛው ናት። ትናንት ማታ ደግሞ የስካኑን አቅጣጫ 90 ዲግሪ አዞርኩት፣ መርፌዋ ደረጃውን በመሻገር ፈንታ ከጎኑ ታክካ እንድትሄድ፣ ግድግዳውን የምትነካበት መንገድ እንዲቀየር። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ያቺ ክፍል አሁንም ቦታዋ ላይ ናት፣ ትንሽ ቀጥናለች ግን ታበራለች። ነገ ፕላስተር ይዤ አዲስ ፊት ልጣለሁ።